የበዓል ማግስት ፊልም

«ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም የሃሎዊን (ምዕራባውያን ጭራቅ መስለው የሚያስፈራሩበት በዓል) ፊልም ነው ወይስ የገና? የዚህ ፊልም ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር ይህ ክርክር ሳይነሳ አይቀርም። ዳይሬክተሩ ሄንሪ ሴሊክ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠይቆ የሃሎዊን ፊልም መሆኑን ቁርጡን ተናግሯል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። እኔም ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ደግሜ ካየሁት በኋላ የራሴን መልስ ይዤ ነው ያደርኩት። ሳይበርድብኝ ልጻፈው። ፊልሙ የሃሎዊንም የገናም አይደለም። የበዓል ማግስት ፊልም ነው።

አጀማመሩን ልብ በሉ። ታሪኩ የሚከፈተው የሃሎዊን ሌሊት ሊያልቅ ሲል ነው። የሃሎዊን ከተማ ጭራቆች ዘፍነው፣ ጨፍረው፣ እርስ በርስ እየተመሰጋገኑ ነው። የዱባው ንጉሥ ጃክ ስኬሊንግተን የሌሊቱ ጀግና ነው፤ ሁሉም ይከበዋል፣ ሁሉም ያጨበጭብለታል። እሱ ግን በግርግሩ መሃል ሹልክ ብሎ ወደ መቃብር ስፍራው ይሄዳል። ሁሉ ሞልቶለት ሆዱ ባዶ እንደሆነ፣ ማስፈራራት እንደሰለቸው እየዘፈነ ይንጎራደዳል፤ የሚከተለው ውሻው ዚሮ ብቻ ነው። ሲነጋ ከንቲባው የሚቀጥለውን ዓመት ሃሎዊን እቅድ ጠቅልሎ ይዞ በሩን ያንኳኳል። የሚከፍትለት የለም። በዓል ያለፈበትን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል።

ከንቲባውን እኔና እህቴ ከሁሉም አብልጠን እንወደዋለን። ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ጉንጩ የቀላ ሳቂታ፣ ሌላው የገረጣ አልቃሻ። ስሜቱ በተለወጠ ቁጥር ጭንቅላቱ ይዞርና ሌላኛው ፊት ይመጣል። ጃክ ቤቱ እንደሌለ ሳያውቅ በድምጽ ማጉያ ይለምነዋል፤ እኔ እኮ በምርጫ የተቀመጥኩ ባለሥልጣን ብቻ ነኝ፣ በራሴ ውሳኔ መስጠት አልችልም እያለ። እህቴ እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም ፊልሙን አቁማ ሳቋን ትጨርሳለች። ትናንት ሳቋን እንደጨረሰች አንድ መላምት አመጣች፦ «የሚስቀው ፊቱ ዋዜማ ነው፣ የሚያለቅሰው ማግስት። ይሄ ሰውዬ መሃል ላይ ያለውን የበዓሉን ቀን ኖሮት አያውቅም።» ስለ ከንቲባው ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያክል የለም።

የአድናቂዎች መላምት ደስ የሚለኝ እንዲህ ሲሆን ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ይይዛል፣ ያገላብጠዋል፣ ሌላ ትርጉም ያሳየናል። የማይጥመኝ ዓይነትም አለ። የሃሎዊን ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ ድሮ ሰው ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው በዘግናኝ አሟሟት ሞተው ነው እዚህ የመጡት የሚለው ከዚያ ውስጥ ነው። የጃክን አሟሟት ሳይቀር በዝርዝር የሚተርኩ አሉ። ፊልሙን በጣም ስለምወደው ይህን ስሰማ ቅር ይለኛል። ፊልሙ እኮ በጫካው ውስጥ ክብ ሠርተው የቆሙትን ዛፎች አሳይቶናል። እያንዳንዱ ዛፍ ላይ የበዓል ምልክት የሆነ በር አለ፤ ዱባ፣ እንቁላል፣ ልብ፣ ተርኪ፣ ያሸበረቀ የገና ዛፍ። በዓላት የሚመጡት ከነዚህ በሮች ጀርባ ካሉ ከተሞች ነው። የሃሎዊን ሰዎችም ከበዓላቸው የተፈጠሩ ናቸው። ማስፈራራት ለነሱ ሥራም፣ ጨዋታም፣ ጥበብም ነው፤ ክፋት የለበትም። ከዚህ ሕዝብ ላይ የግድያ ታሪክ ሲጫንበት ቀልዱ በሙሉ ይሞታል።

ቀልዱ የሚመጣው ደግሞ ከየዋህነታቸው ነው። ጃክ የገናን ከተማ አይቶ ሲመለስ ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ስጦታ ያስረዳል። ሳጥን ነው፣ በሚያምር ወረቀት ይጠቀለላል ይላል። እነሱ ውስጡ በሽታ ይኖር ይሆን ብለው በጉጉት ይጠይቃሉ። ካልሲ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ሲላቸው፣ የበሰበሰ እግር አለበት ወይ ይላሉ። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፤ ለነሱ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ሕዝቡ አላየውምና አልናፈቀውም፤ ጃክ ግን አንዴ አይቶታል፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለውም። ማማው ላይ በሩን ዘግቶ ገናን ሊመረምር ይቀመጣል። የዛፍ ማስጌጫውን ኳስ ፈጭቶ ያፈላል፣ የአሻንጉሊት ድቡን ሆድ ይቀድዳል፣ ቀይዋን ፍሬ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ጥቁር ሰሌዳውን በቀመር ይሞላል። ወረቀት አጣጥፎ እንደ በረዶ ቅንጣት አድርጎ ሊቆርጥ ይሞክርና ሲዘረጋው ሸረሪት ሆኖ ይወጣለታል። ያቺን ሸረሪት ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ትበላዋለች። ከእጁ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ያለ ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ ጃክ በሳንታ ቦታ ሆኖ ስጦታ የሚያድልበት ሌሊት ይመጣል። አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ፊት ቆሞ ሳንታ ምን እንዳመጣለት ሲጠየቅ የደረቀ የሰው ጭንቅላት አውጥቶ ያሳያቸዋል። አንድ ቤት ውስጥ እባብ የገና ዛፉን ከነጌጡ ይውጠዋል። ወታደሮች መድፍ ማስወንጨፍ ሲጀምሩ ጃክ ሰማይ ላይ ሆኖ ይፈነድቃል፤ ሥራችንን ወደውት ነው፣ እያመሰገኑን ነው ብሎ ያምናል። ጥይቱ ሊመታቸው ሲቃረብ እንኳ የሚያስበው ተኳሾቹ ሳይጠነቀቁ ሊመቷቸው እንደተቃረቡ ነው። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚያስቅ፣ ከዚህም የሚያሳዝን ቦታ የለም፤ ሁለቱም እዚሁ አንድ ላይ ናቸው። የጃክን የሞት ታሪክ የሚፈለስፉ ሰዎች ለምን ይህ እንደማይበቃቸው አይገባኝም።

የእጅ ሥራውም ሊነሳ ይገባል። ፊልሙ የ76 ደቂቃ ስቶፕ ሞሽን ነው፤ አሻንጉሊቱ በትንሽ በትንሹ እየተንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሳል፤ ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም (ፎቶ)። ሥራው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ ወስዷል። ጃክ ፊቱ እንዲናገር፣ እንዲገረም፣ እንዲከፋ በየጊዜው የሚቀያየሩ 400 ያህል ጭንቅላቶች ተሠርተውለታል። ጥቁር ልብሱ ከጨለማው መድረክ ጋር እየተቀላቀለ ሲያስቸግር ነው ነጫጭ መስመሮቹ የተጨመሩት። ቲም በርተን ታሪኩን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በግጥም ጻፈው፣ ዳኒ ኤልፍማን ዘፈኖቹን ሠርቶ የጃክን ዜማ ራሱ ዘፈነ፣ ሴሊክ ደግሞ ዳይሬክት አደረገው። በ1993 ሲወጣ ዲዝኒ ለልጆች ያስፈራል ብሎ ሰግቶ በራሱ ስም ሳይሆን ተችስቶን በተባለ ሌላ መለያው ስም ነው ያወጣው። በዚህ መጠን በእጅ የተለፋበት ነገር ውስጥ ተመልካች ምልክት ቢፈልግ አይፈረድበትም። እያንዳንዱን ነገር ሆነ ብሎ ያስቀመጠው ሰው አለና።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከመላምት አላመለጡም። በትላትል የታጨቀ ከረጢት የሆነው የፊልሙ ክፉ ሰው ኡጊ ቡጊ መጨረሻ ላይ ሲገለጥ የከተማው ሳይንቲስት ዶክተር ፊንክልስታይን ሆኖ እንዲገኝ የሚያደርግ መጨረሻ በስዕል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኋላ ተተወ። እንኳንም ተተወ። የኡጊን ክር ሲስቡት የሚፈሰው ትል ብቻ መሆኑ ነው ትክክሉ። ስለ እሱ ከሰማሁት ደስ ያለኝ ሌላ ነው፦ ኡጊ በሩ የጠፋ፣ ማንም የማያከብረው የተረሳ በዓል ንጉሥ ነበር ይላሉ። ፊልሙ ውስጥ ማስረጃ የለውም፤ ግን ከሁሉም ተለይቶ ከመሬት በታች ብቻውን ቁማር እየተጫወተ መኖሩን አስቡት። በዓሉ ያለፈበት ሰው ነው። ለኔ ማግስት ለሚለው ሐሳብ ይመቻል፣ ስለዚህ አዳላለታለሁ።

ብዙ ተከታይ ያለው መላምት ግን የውሻው ነው። በ«ፍራንከንዊኒ» የሞተ ውሻውን በመብረቅ የሚያስነሳው ልጅ ቪክተር ይባላል። በ«ኮርፕስ ብራይድ» የሙታን አገር ወርዶ የልጅነት ውሻውን አጽም ሆኖ የሚያገኘው ሙሽራም ቪክተር ነው። ጃክ ደግሞ መንፈስ የሆነ ውሻ አለው። ሦስቱም ቀጫጭን፣ የሦስቱም ታሪክ ከቲም በርተን ጋር የተያያዘ። ስለዚህ አንድ ሰው ናቸው፣ ውሻውም አንድ ነው፤ መጀመሪያ የተሰፋ ሥጋ፣ ቀጥሎ አጥንት፣ በመጨረሻ ነፍስ ብቻ። ሲመረመር አይቆምም። ልጁ የሚኖረው መብራት በገባበት ሰፈር ነው፣ ሙሽራው በሠረገላ ዘመን፤ ልጁ አድጎ ሙሽራው ሊሆን አይችልም። ይህን አውቄም እወደዋለሁ። ያሰበው ሰው ውሻውን በትክክል አይቶታል። ጃክን የምትወደው የጨርቅ አሻንጉሊት ሳሊ፣ ጃክ ስጦታ ሊያድል እንዳይበር ብላ ጭጋግ ስትለቅ፣ መንገዱን የሚያበራው የዚሮ አፍንጫ ነው፤ ቀረብ ብለው ካዩት የምትበራ ትንሽ ዱባ ናት። ያ ውሻ ጌታውን ተከትሎ የማይሄድበት ቦታ የለም። መላምቱ ይህንኑ ወደ ሁለት ሌሎች ፊልሞች አራዘመው እንጂ ከአየር አላመጣውም።

ጃክና ሳሊ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ ለሚሉት ደግሞ መልሱ ተቀርጿል። በማጀቢያ ሙዚቃው አልበም ላይ በተዋናዩ ፓትሪክ ስቱዋርት የተነበበ መደምደሚያ አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳንታ ጃክን ሊጠይቅ ይመጣል፤ አራት ወይም አምስት የአጽም ልጆች ዛይሎፎን እየመቱ ያገኛቸዋል። ያን ሌሊት መልሰህ ብታገኘው፣ የሚሆነውን እያወቅህ ደግመህ ታደርገው ነበር ወይ ሲለው፣ ጃክ ፈገግ ብሎ ጥያቄውን ለራሱ ለሳንታ ይመልስለታል፤ አንተስ ብትሆን? ይህ ለምን ከፊልሙ እንደቀረ ይቆጨኛል። ጃክ በመድፍ ተመትቶ መቃብር ስፍራው ውስጥ በመልአኩ ሐውልት እጅ ላይ ሲወድቅ የሚዘፍነውን ያሟላዋል። እዚያም መጀመሪያ ያዝናል፣ ቀጥሎ ግን ቀና ይላል፤ ቢያንስ ሞክሬአለሁ፣ አንዴም ቢሆን ሰማይ ነክቻለሁ ይላል። በማግስቱ ራሱን አይረግምም።

እህቴ ማግስት የሚለውን ሐሳቤን አልተቀበለችም። «እሺ በረዶውስ?» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ሳንታ በሃሎዊን ከተማ ላይ በረዶ ያወርዳል፤ ጭራቆቹ ይንከባለሉበታል፣ ቫምፓየሮቹ በዱባ ሆኪ ይጫወታሉ። ኳሷ መጀመሪያ የራሱ የቲም በርተን ጭንቅላት እንድትሆን ታስቦ ነበር። «ገና ገባላቸው ማለት ነው፤ የገና ፊልም ነው» አለች። እኔ ደግሞ ሳንታ የመጣው ስጦታውን ሁሉ አድሎ፣ የተበላሸውን አስተካክሎ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መሆኑን ነገርኳት። ለሱም ማግስት ነው። ሲያልፍ ለጃክ መልካም ሃሎዊን ይለዋል፣ ጃክም መልካም ገና ብሎ ይመልስለታል፤ ሁለቱም የሌላውን በዓል ነው የሚመኙት።

«አንተ ደግሞ!» አለች። «ነገ ደግመን እንየውና ትነግረኛለህ።» ነገ የማየው የዛፎቹን በሮች ነው፤ እሷ የከንቲባው ፊት መቼ መቼ እንደሚዞር ልትጽፍ ወረቀት አዘጋጅታለች።