ከግድብ በታች የቀረ ቦታ፣ በሰው ላይ የቀረ ስም፦ የዋሽበርን ሸለቆ ጉዞ

ታክሬይ የሚባለው የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከዮርክሻየር ከወጡ በኋላ እምብዛም አይሰማም። ስሚዝ ተብለው የሚጠሩ ሰዎች በብሪታንያ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ስሙ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ስለሆነና ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር ስላልነበረ፣ በመቶ ቦታ ለመቶ ቤተሰብ ተሰጥቷል። ታክሬይ ግን የሙያ ስም አይደለም፤ የአንዲት ትንሽ ቦታ ስም ነው። ይህችን ቦታ ለማየት የተነሣሁት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ወደ ሊድስ በሄድኩበት ጊዜ ነው። (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአክስቴ ልጅ በሊድስ የቅዱስ ጄምስ ሆስፒታል ነርስ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ከሆስፒታሉ አጠገብ በቀይ ጡብ የተሠራ ትልቅ አሮጌ ሕንፃ ቆሟል፤ በ1861 የተከፈተ፣ ድሆች እየሠሩ የሚጠለሉበት ቤት ነበር፤ ከ1997 ጀምሮ ግን የታክሬይ የሕክምና ሙዚየም ሆኗል። ስያሜው የመጣው ቻርልስ ታክሬይ በ1902 በከተማዋ ከከፈቱት የመድኃኒት መደብር ነው። መደብሩ አድጎ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚያመርት ድርጅት ሆነ፤ በ1960ዎቹም ከሐኪሙ ጆን ቻርንሊ ጋር በመተባበር ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበትን ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ አመረተ። እትዬ በዚያ በር ዘወትር እንደምታልፍ ነግራኝ፣ «ግን እኮ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም» አለችኝ። ጉዞውን አብራኝ ልትወጣ የወሰነችውም ያን ጊዜ ነው።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር ሥርዓቱ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጅም ሲመጣ የአያቱ ስም ሦስተኛ ሆኖ ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ ከዕለት አጠራር ይወጣና የትውልድ ሐረግ በሚያውቁ ሰዎች አእምሮ ብቻ ይቀመጣል። እትዬ እንግሊዝ አገር ስትገባ ቅጹ የቤተሰብ ስም ስለጠየቃት አያታችን ባላሰቡት መንገድ የአንድ ቤት መጠሪያ ሆነው ቀርተዋል። በእንግሊዝም ቢሆን ስም እንዲህ መርጋት የጀመረው ኖርማኖች አገሪቱን በ1066 ከያዙ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ባለ ርስት መኳንንት ስማቸውን ለልጆቻቸው ማውረስ ጀመሩ፤ ልማዱ ወደ ተራው ገበሬ የወረደው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ በደቡቡ ክፍል በአብዛኛው እስከ 1400 ገደማ ሲጸና፣ በሰሜኑ ከዚያም ዘግይቷል።

ከሊድስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንወጣ መጀመሪያ ያገኘነው በዎርፍ ወንዝ ዳር ያለችውን ኦትሊን ነው። ከኦትሊ በኋላ መንገዱ ይጠብባል፤ በግራና በቀኝ ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ማሳውን ከማሳ ይለያል። የዋሽበርን ወንዝ ወደ ዎርፍ የሚወርድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ሸለቆው ግን ለሊድስ ሕዝብ የሚጠጣ ውሃ ሲባል ከላይ እስከ ታች ተገድቧል። ከታች ወደ ላይ ሲወጡ ሊንድሊ ዉድ በ1875፣ ስዊንስቲ በ1878፣ ፍዩስተን በ1879 ተጠናቀቁ፤ ከሁሉ በላይ ያለው ትረስክሮስ ግን በ1966 የተሠራ ሲሆን ዌስት ኤንድ የምትባል መንደር አስጥሟል። በአንድ ሸለቆ አራት ግድብ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የሊድስ የሱፍና የተልባ ጭረት ፋብሪካዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከተማዋን ከመጠን በላይ ስላሰፏት፣ ንጹሕ ውሃ ከሩቅ ከማምጣት ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ታክሬይ የምትባለው ቦታ በፍዩስተን ደብር ውስጥ፣ በግሬት ቲምብል ይዞታ ላይ የነበረች ትንሽ የእርሻ ቦታ ናት። ዛሬ ያለችው በፍዩስተን ግድብ ውሃ ሥር ነው። መኪናችንን በስዊንስቲና በፍዩስተን ግድቦች መካከል ካለው መንገድ አጠገብ አቁመን በውሃው ዳር በሚዞረው የእግር መንገድ ጀመርን። መንገዱ በጥድ ደን ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው ከላይ ካለው ረግረጋማ ደጋ የበሰበሰ ሣር እየታጠበ ስለሚገባበት የቀጠነ ሻይ ዓይነት ቀለም አለው። ጥልቀቱ ወደሚያንስበት የግድቡ ዳር ስንደርስ እግሬ ጨፌ ረገጠ። ጫፉ የሾለ፣ ቅጠል የሌለው፣ ክብ አገዳ ያለው የረግረግ ሣር በየቦታው ተሰብስቦ በቅሏል። አንዱን ነቅዬ በጥፍሬ ስሰነጥቀው ከውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነጭ ነገር ወጣ። የድሮ ሰዎች ይህንኑ ነጭ ውስጡን በሞራ ነክረው ለመብራት ይጠቀሙበት ነበር።

ይህን ሣር በእጄ ይዤ የስሙን ትርጉም ለእትዬ ነገርኋት። ስሙ ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው የቤት ክዳን ሣር ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥግ፣ ፈንጠር ያለ ሥርጓጅ ቦታ ማለት ነው። ተደምሮ «የክዳን ሣር የሚበቅልበት ጥግ» ይሆናል። በዚህ አካባቢ የስካንዲኔቪያ ቃል መገኘቱ አያስደንቅም፤ ዴንማርካውያን ዮርክን በ866 ከያዙ በኋላ ተከታዮቻቸው በሰሜን እንግሊዝ መሬት ይዘው አርሰው ኖረዋል፤ እስከ ዛሬ ድረስ የዮርክሻየር መንደሮች፣ ጅረቶችና ኮረብታዎች ስማቸውን ከእነርሱ ወርሰዋል። የቦታውን ስም ያወጣው ሰው ጥቅሙን አይቶ ያወጣ ነው። የመንዝ ገበሬ ጓሳ የሚታጨድበትን መሬት ለይቶ እንደሚያውቀውና እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ለዚህ ሸለቆ ሰውም ክዳን የሚገኝበት ቦታ በስሙ ሊጠራ የሚገባው ሀብት ነበር።

ቦታው እንዴት የሰው ስም እንደሆነ ለመረዳት የግብር መዝገቦችን ማስታወስ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1377፣ በ1379 እና በ1381 በየሰዉ ራስ ላይ ግብር ጣለ፤ በ1379 ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ተራ ሠራተኛ አራት ፔኒ እንዲከፍል ታዘዘ። የዚያ ዓመት የዌስት ራይዲንግ፣ ማለትም የዮርክሻየር ምዕራባዊ ክፍል፣ መዝገብ በአብዛኛው ተርፎ ስለደረሰን፣ የዮርክሻየር ስሞችን የሚያጠኑ ሰዎች ሁሉ መነሻ የሚያደርጉት እርሱን ነው። በመዝገቡ ውስጥ ገበሬዎች ከስማቸው ቀጥሎ የመጡበት ቦታ ይጻፍላቸዋል፤ በመካከሉም እንደ ግእዙ «ዘ» ያለ፣ «ከዚህ ቦታ የሆነ» የሚል አንድ ትንሽ ቃል ይገባል። በሚቀጥሉት ትውልዶች ቃሏ ወደቀች፤ የቦታው ስም ግን ብቻውን ቀረ፣ ሰውየው ቦታውን ቢለቅም አብሮት ሄደ። እንዲያውም በቦታ ስም የሚጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው የወጣ ሰው ነው፤ እዚያው ቢኖር ሁሉም የዚያው ሰው ስለሆነ ስሙ ከጎረቤቱ አይለየውም ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1348 እና በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ ከአገሪቱ ሕዝብ ከሲሶ ያላነሰውን ፈጅቶ ነበር። ስሞች ገና በመርጋት ላይ ባሉበት ጊዜ እንዲህ ያለ እልቂት መድረሱ ብዙ ስሞች በአንድ ቤት ብቻ እንዲቀሩ ወይም ጨርሰው እንዲጠፉ አድርጓል። የቤተሰብ ስም በወንድ ልጅ በኩል ብቻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ወንድ ያልወለደ ቤት ስሙ በዚያው ያበቃል። ፍራንሲስ ጎልተን በ1873 ይህንን ጉዳይ እንደ ሒሳብ ጥያቄ አቀረበው፤ ሄንሪ ዋትሰንም በሚቀጥለው ዓመት መልስ ለማግኘት አብሮት ሠራ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ብርቅ ስምን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ዛሬ ጥቂት መሆኑ የሚያሳየው የዘሩን ታናሽነት አይደለም፣ መነሻው አንድ ቤት ብቻ መሆኑንና ያ ቤት በየትውልዱ ከመጥፋት ለጥቂት መትረፉን ነው።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞም እንደ ቤተሰብ ስም በአንድ መስመር ስለሚጓዝ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 40 የብሪታንያ የቤተሰብ ስሞችን የያዙ 1,678 ወንዶችን መረመሩ። እንደ ስሚዝ ያለ ስም የያዙት እርስ በርሳቸው ከማንም መንገደኛ የበለጠ ዝምድና አልተገኘባቸውም፤ ስሙ እየበረቀ በሄደ መጠን ግን ባለቤቶቹ ወደ አንድ አባት የመመለሳቸው ዕድል ከፍ እያለ መጣ። ጆርጅ ሬድመንድስ የተባሉት የዮርክሻየር የስም ታሪክ ሊቅ ከመዝገብ ተነሥተው ለረጅም ዓመታት ሲያስረዱ የኖሩት ነገር፣ ማለትም ብዙዎቹ የአካባቢው ስሞች ከአንድ ቤተሰብ መነሣታቸው፣ በዚህ መንገድ ከደም ማስረጃ አግኝቷል።

ወደ ፍዩስተን ቤተ ክርስቲያን የወጣነው ከቀትር በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ከጠፋ በኋላ በ1697 እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ከግድቡ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቆሟል። ጣሊያናዊውን ባለቅኔ ታሶን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ኤድዋርድ ፌርፋክስ በ1635 የሞተው በዚህ ደብር ነው፤ ይኖርበት የነበረው ቤትም ቦታው በስዊንስቲ ግድብ ውሃ ሥር ገብቷል። የመቃብር ድንጋዮቹ ከአካባቢው ጥቁር ሻካራ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ ነጭና ቢጫ የድንጋይ ሽበት ፊደሎቹን ስለሸፈናቸው እትዬ በመዳፏ እየዳሰሰች ነበር የምታነብልኝ።

ስሙን በመዝገብ መከታተል የሚያስቸግረው በአጻጻፉ ነው። ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ታዘዘ፤ የሚጽፈው ሰው ግን የሚጽፈው የሰማውን ነው። ስለዚህ አንዱ ታክሬይ፣ አንዱ ታከሪ፣ ሌላው ታክራ እያለ ጻፈው፤ ተራው ሕዝብ ራሱ ማንበብና መጻፍ ስላልቻለ የሚያርመው አልነበረም። በዚህ የተነሣ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች እንደ ተለያዩ ስሞች ተቆጥረው ኖረዋል። የሊድሱ ሐኪም ቻርልስ ተርነር ታክራ የዚህ ምሳሌ ነው። በ1831 ባሳተመው መጽሐፍ የሊድስ ሠራተኞች ከየሥራቸው የሚይዛቸውን በሽታ አንድ በአንድ ተንትኗል፤ የተልባ ጭረት የሚያበጥሩት ሰዎች ሳንባቸው በአቧራው እንደሚጎዳ ጽፎ ለፋብሪካ ሠራተኞች ተሟግቷል። በዚያው ዓመት የሊድስ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲመሠረት ከደከሙት አንዱም እርሱ ነው፤ በ1833 ገና በ38 ዓመቱ ሞተ። ስሙ ይህን ያህል ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ የሥራ ላይ ጤና ዛሬ የቆመበትን መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ነውና።

በመጨረሻ የሄድነው በኒድ ወንዝ ዳር ወዳለችው ሃምስትዌይት ነው። ከፍዩስተን ብዙ አትርቅም፤ ስሙ ወደ ዓለም የወጣው ግን ከእርሷ ነው። በ1693 የዚህች መንደር ልጅ ሆኖ የተወለደው ቶማስ ታከሪ ተምሮ ከ1746 እስከ 1760 የዝነኛው የሃሮ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ። ከልጆቹ አንዱ ወደ ሕንድ ሄዶ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራ፤ የልጅ ልጁም በዚያው ሥራ ቀጠለ፤ የልጅ ልጁ ልጅ ደግሞ በ1811 በካልካታ ተወለደ፤ እርሱም ታላቁ ልብ ወለድ ጸሐፊ ዊልያም ሜክፒስ ታከሪ ነው። ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው ይህ ሰው ሴቶች ልጆች ብቻ ስለነበሩት በእርሱ በኩል ስሙ ወደ ማንም አልተላለፈም። ዛሬ በዮርክሻየር ያሉት ታክሬዮች የቀሩት በደጋው ላይ ካረሱ፣ ወደ ሊድስ ወርደው በፋብሪካ ከሠሩ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ነው። በ1938 በሊድስ የተወለደው ዘፋኝ ጄክ ታክሬይ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ የዮርክሻየርን መንደር ሕይወትም በዜማ ያወጋ ሰው ነው።

ስሙን የሚቆጥሩ ሰዎች ዛሬ ከሁሉ የሚሳሳቱት ሕንድ ላይ ነው። በሙምባይ ታከሪ የሚለው ስም ከሊድስ በላይ ዝነኛ ነው፤ ባል ታከሪ በ1966 ሺቭ ሴና የተባለውን ፓርቲ መሠረተ፣ ልጁ ኡዳቭ ከ2019 እስከ 2022 የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር ነበር። ይህ ቤተሰብ ግን ማራቲኛ ተናጋሪ ነው፤ የራሱ ታክሬ የሚል ስም ነበረው። የባል አባት ኬሻቭ ሲታራም የልብ ወለድ ጸሐፊው አድናቂ ስለነበር የቤተሰቡን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የጸሐፊውን ፊደላት ተከተለ። ስለዚህ የፊደሉን ቅርጽ ብቻ ይዞ በዓለም ዙሪያ የሚደረግ ቆጠራ፣ ከዋሽበርን ሸለቆ ጋር ምንም የደም ግንኙነት የሌላቸውን ሰዎች ሲጨምር፣ በሌላ ፊደል የተጻፉትን የሸለቆውን ልጆች ደግሞ ይተዋል። ቆጠራው ትክክል እንዲሆን በ1881ዱ የሕዝብ ቆጠራ ላይ በዌስት ራይዲንግ የነበሩትን ቤተሰቦች በየአጻጻፋቸው ሰብስቦ ከዚያ ወደ ኋላ ደብር በደብር መውረድ ያስፈልጋል፤ በመዝገብ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ የዓመታት ሥራ ነው።