የማን ስም ይቅደም?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአንድ ጽሑፍ ነገር ይዞን ዋለ። አማካሪው በአንድ በኩል፣ የቀድሞ ተማሪያቸው በሌላ በኩል፣ እኔ መሃል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሽምግልናው የከበደኝም ለዚሁ ነው።

ልጅቷ የማስተርስ መመረቂያዋን የሠራችው ቤታቸው ስለሚወልዱ እናቶች ነው። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ጽሑፉ አንድ ዓመት ተኛ። አማካሪዋ አነሱት፤ አሳጠሩት፤ ትንተናውን እንደገና ሠርተው ለጆርናል ላኩት። የሳቸው ስም ቀድሞ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ተከትለው፣ እሷ ሦስተኛ። ይህን ያወቀችው ከጆርናሉ በደረሳት ኢሜይል ነው።

«ዶክተር፣ ምናለ አንድ ጊዜ ቢደውሉልኝ?» አለቻቸው። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ የመስክ ደብተሯን አወጣች። ጠርዙ ጭቃ ነክቶታል። አንዱ ገጽ ላይ «እናትየው ገበያ ሄዳለች፤ ነገ ጠዋት ልመለስ» ይላል። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ «ዛሬም የለችም»። እሳቸው ያን ገጽ ብዙ ቆይተው አዩት።

ሌባ አይደሉም። ስንት ሌሊት እንደሠሩበት አውቃለሁ፤ የማዕረግ እድገትም ያለ ጽሑፍ አይገኝም። ግን ዝም ብሎ መላክ ልክ አልነበረም።

የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች በ1978 ቫንኩቨር ላይ የጀመሩት ስብስብ ዛሬ ለደራሲነት አራት መስፈርት አለው፦ በጥናቱ ሐሳብ ወይም ዳታ ላይ ትልቅ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። እኔ የምወደው ግን ሰዎች የሚዘሉትን ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው ቀሪዎቹን የማሟላት ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ሳትጠሩት «አልጻፈም» ማለት አይቻልም። ይህን ሳነብላቸው ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

መስፈርቱ ማን ይቅደም የሚለውን አይፈታም። ጆርናሉም አይዳኝም፤ ጨርሳችሁ ኑ ነው የሚለው። ስለዚህ 14 የሥራ ድርሻዎች የተዘረዘሩበትን ሰንጠረዥ ሁለት ኮፒ አትሜ ለየብቻ እንዲሞሉ ሰጠኋቸው። ሐሳብ ማመንጨት፣ ዳታ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ መጻፍ፣ ማማከር፣ ገንዘብ ማምጣት። ግማሽ ሰዓት ማንም አልተናገረም። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው የተለያዩት ትንተናና ረቂቅ ላይ ብቻ ነበር። ለካ ሲጣሉ የከረሙት በሁለት መስመር ነው። የኃላፊው ዓምድ በሁለቱም ላይ ባዶ ነው፤ የፈቃድ ደብዳቤ ነው የፈረሙት። ስማቸው ምስጋና ውስጥ ይገባል።

እሷ አንደኛ ሆነች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጽሑፉን የውይይት ክፍል እንደገና ትጽፋለች። እሳቸው በመጨረሻ፤ በእኛ ሙያ ያ ቦታ የአማካሪ ነው። ለውጡን ሁሉም ፈርመው ለጆርናሉ ይላካል። «ለኃላፊው እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉ ዶክተሩ። ቀላል አይሆንላቸውም።

ስንወጣ ልጅቷ ስሟ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። የውጭ ጆርናሎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙት፣ ሌላ ሰው ሥራዋን ሲጠቅስ የአባቷን ስም ጽፎ «እና ሌሎች» እንደሚል ነገርኳት። አባቷ ገበሬ ናቸው። እሷን ለማስተማር በሬ ሸጠዋል።

«የሚጠራው አባዬ ነው ማለት ነው?»

«አዎ።»

ደብተሯን ፌስታሏ ውስጥ መልሳ በጥንቃቄ ቋጠረችው።