አሮጌውን ሕንፃችንን ኃይል ቆጣቢ አድርገን ስናድስ የተማርኩት

በጸሐፊነት የማገለግልበት የነዋሪዎች ማኅበር የሚያስተዳድረው ሕንፃ ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ አፓርታማ ነው። ሲሠራ የሙቀት መከላከያ ስላልተደረገለት ግድግዳው ባዶ ኮንክሪት፣ መስኮቶቹም ነጠላ መስታወት ነበሩ። በብርድ ወራት የጋራ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት እየሠራ እንኳ ጥግ ላይ ያሉት ቤቶች አይሞቁም ነበር፤ ለማሞቂያው ቅርብ የሆኑት ደግሞ ከሙቀቱ ብዛት መስኮት ከፍተው ያድሩ ነበር። ይህን ብክነት ዓመታት ሙሉ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ እድሳት እንዲደረግ ጎረቤቶቼን ለማሳመን ተነሣሁ።

በመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ሕንፃው በዓመት የሚፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት በሠንጠረዥ አቀረብኩ። ውስጡና ውጩ በአንድ ዲግሪ በተለያዩ ቁጥር ነጠላ መስታወት በካሬ ሜትር ከ5 ዋት በላይ ሙቀት እንደሚያሳልፍ፣ ሙቀት የሚመልስ ስስ ልባስ ያለው ድርብ መስታወት ግን 1.2 ዋት ገደማ ብቻ እንደሚያሳልፍም አስረዳሁ። ሁሉም በጽሞና አዳመጡኝ፤ ድምፅ ሲጠየቅ ግን እጅ ያወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ከስብሰባው ስንወጣ በምድር ቤቱ አናት ላይ ባለው ቤት የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔን የሚያስቸግረኝ ግን ከወለሉ እየወጣ እግሬን የሚያደነዝዘው ብርድ ነው፤ እሱን አላነሣኸውም» አሉኝ። ለካስ እኔ ስለ ሕንፃው ስናገር እሳቸው የሚያስቡት ስለ ቤታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን ትቼ የግድግዳን ሙቀትና የአየርን እርጥበት የሚለኩ ሁለት ትናንሽ መሣሪያዎች ይዤ በየቤቱ ማንኳኳት ጀመርኩ። ከላይኛው ፎቅ ጥግ የሚኖሩ አንዲት እናት በልጃቸው መኝታ ክፍል በየወሩ እየጠረጉት ተመልሶ የሚመጣ ሻጋታ አሳዩኝ። ጥፋቱ የእሳቸው የጽዳት ጉድለት እንደሆነ ያምኑ ስለነበር ያሳዩኝ እያፈሩ ነው። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ነበር፤ የግድግዳው ጥግ ግን 11 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የግድግዳው ገጽ ከ12.6 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ ግድግዳውን በሚነካው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ80 በመቶ ያልፋል፤ ሻጋታ ለመብቀል ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። ጥፋቱ የግድግዳው እንጂ የእሳቸው አለመሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። በሁለተኛው ጉባኤ ተነሥተው የተናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ በሠንጠረዥ ያላሳመንኳቸውን ብዙዎች እሳቸው በአጭር ንግግር አሳመኑ።

ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ የሚኖሩትን ባለቤቶች ማሳመን ይበልጥ ከባድ ነበር። ወጪውን የሚያወጣው ባለቤቱ፣ የማሞቂያ ክፍያ የሚቀልለት ግን ተከራዩ ስለሆነ፣ «እኔ ምን እጠቀማለሁ?» ማለታቸው ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእነሱ ያቀረብኩት ምክንያት የተሰነጠቀውን የውጭ ልስን ነበር። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ማዛግ ስለጀመረ ግድግዳው የግድ መጠገን ነበረበት፤ ለጥገናው መወጣጫ ከቆመ ደግሞ መከላከያውን በዚያው መለጠፍ ሌላ ጊዜ መወጣጫውን እንደገና ከማቆም እጅግ ይቀላል። አሮጌ ሕንፃ ያላቸው ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው፣ እድሳቱን ከማይቀር ጥገና ጋር እንዲያጣምሩት ነው።

በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ግን ጥፋት ሠርቻለሁ። ያማከርነው መሐንዲስ በጣሪያው፣ በምድር ቤቱ ኮርኒስና በቱቦዎቹ እንድንጀምር፣ ከዚያም ግድግዳውንና መስኮቱን አብረን እንድንሠራ፣ ማሞቂያውን ደግሞ በመጨረሻ እንድንቀይር ነግሮን ነበር፤ ሕንፃው ሙቀት መያዝ ሳይጀምር የሚገዛ ማሞቂያ በኋላ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሆኖ ይቀራልና። ነዋሪው ግን መስኮት ይወዳል፤ በዓይን ይታያል፣ የውጭ ድምፅም ይቀንሳል። የሰዉ ፍላጎት እንዳይቀዘቅዝ ብዬ በአንደኛው መግቢያ በኩል ባሉት ቤቶች መስኮቱ አስቀድሞ እንዲቀየር ተስማማሁ። በዚያው የብርድ ወቅት ሻጋታ አይተው በማያውቁ ቤቶች ሻጋታ ወጣ። አሮጌዎቹ መስኮቶች በክፍተታቸው አየር ያስገቡ ነበር። በዚያ ላይ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው መስታወቱ ስለነበር እርጥበቱ እሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይታይና ይጠረግ ነበር፤ አዲሱ መስታወት ከግድግዳው ሲሞቅ ግን እርጥበቱ ከቁም ሣጥን ኋላ ወዳለው ጥግ ዞረ። መታጠቢያ ክፍልና ማድ ቤት ውስጥ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ፣ መስኮቶቹ አናት ላይ ደግሞ ትንንሽ የአየር ማስገቢያዎች እስኪገጠሙ ድረስ የእነዚያን ቤተሰቦች ቅሬታ በየቀኑ ሰማሁ፤ መስማትም ይገባኝ ነበር።

የቀረው ሥራ በአንጻሩ ቀላል ነበር። ለቱቦዎቹ መሸፈኛ ማልበስና በየራዲያተሩ የሚደርሰውን ውኃ በቫልቭ ማመጣጠን ከሁሉ ያነሰ ወጪ የጠየቁ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ለማሞቂያው ቅርብ የነበሩት ቤቶች መስኮት ከፍቶ ማደር የተዉት በዚህ ነው። የኃይል ፍጆታው በግልጽ ቀንሷል፤ ሆኖም በጉባኤ ፊት ተስፋ የሰጠሁትን ያህል አልሆነም። ቀድሞ በኮት ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች አሁን ክፍላቸውን በደንብ ያሞቃሉ፤ ይህም መብታቸው ስለሆነ፣ ስሌቱን ሳቀርብ አስቀድሜ መቁጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን ለሌሎች ሕንፃዎች ስናገር አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር አልሰጥም፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት አስቀምጬ፣ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ እገልጻለሁ።

ግድግዳው ከውጭ መከላከያ ከለበሰ በኋላ በመጣው ብርድ ወደ ጥጉ ቤት መሣሪያዬን ይዤ ተመለስኩ። ያው ጥግ 17 ዲግሪ ነበር። እናትየው የልጃቸውን አልጋ ከክፍሉ መሐል አንሥተው ወደ ግድግዳው አስጠግተውታል።