አርባና አርባ አራት

ቅዳሜ ማታ፣ ሽቱትጋርት አካባቢ

ዛሬ ከአንድ የ1973 ፖርሽ 911 ስር ዋልኩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። «ከኋላ ከፍ ብሏል፣ ዝቅ አድርግልኝ» ብለው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣታቸውን እየከተቱ አሳዩኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው እዚያ ነው። እኔ ግን ያንን ክፍተት አላምነውም። ሃምሳ ዓመት የሞላው መኪና ስንት ጊዜ ተገጭቶ፣ ስንት ጊዜ ተበይዶ እንደሆነ ማን ያውቃል? ፋብሪካው ራሱ የሚያነጻጽረው የቶርሽን ባሩን፣ ማለትም በሞላ ፈንታ እየተጠመዘዘ መኪናውን የሚሸከመውን ዘንግ፣ መሃልና የጎማውን መሃል ከመሬት ያላቸውን ከፍታ ነው። በዚያ ስለካው ግራው ደህና ነው፤ ከፍ ያለው ቀኙ ብቻ ነው።

ይህ መኪና ከኋላ ሞላም ባሌስትራም የለውም። በየጎኑ 23 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ቱቦ ውስጥ አግድም ተኝቷል። የውስጥ ጫፉ መኪናው መሃል ላይ ተነክሷል፣ የውጭ ጫፉ ጎማውን የሚይዘውን ሳህን ይዟል። ጎማው ከፍ ሲል ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ በቃ። የፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ ሐሳቡን በ1931 በፓተንት አስመዘገበ፣ ቮልስዋገንም የቆመችው በሱ ነው፣ 911 ደግሞ እስከ 1989 ድረስ አልለቀቀውም።

ኋላ የመጡት ሞዴሎች በቁልፍ የሚስተካከል ቡሎን አላቸው። የዚህኛው ግን ሳህኑ ወጥቶ ጥርስ ተቆጥሮ ነው። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ ዙሪያ 40 ጥርስ፣ በውጭ ጫፉ ዙሪያ 44 አለው። የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ነው፣ የውጩ 8.18። አንዱን ብቻ ብታዞር መኪናው ወይ ይሰቀላል ወይ መሬት ይልሳል። ውስጡን አንድ ወደዚህ፣ ውጩን አንድ ወደዚያ ስታደርግ ግን የሚቀረው 0.82 ዲግሪ ነው፤ ጎማው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር። ይህን ያሰበ ሰው እንዴት ያለ ጭንቅላት ነበረው!

ቮልስዋገን ላይም ቁጥሩ ያው ነው። አዲስ አበባ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ «ውስጡን አንድ ስጥ፣ ውጩን አንድ ንሳ» ይሉኝ ነበር። ዲግሪ የሚባል አያነሱም፤ በጠመኔ ምልክት አድርገው ይጨርሱታል። እኔ ዛሬ ዲጂታል የዲግሪ መለኪያ በር ስር አስቀምጬ ዜሮ አድርጌ፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ ነው የማነበው። ውጤቱ ከጋሼ ጠመኔ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ሳህኑ መቆሚያው ላይ እንደተወጠረ ነው የሚቀመጠው። ከስሩ ክሪክ ሰጥቶ ቀስ እያሉ ማውረድ እንጂ በፌሮ ፈልቅቆ ማውጣት ጣት ያስከፍላል። ግራና ቀኙም አይቀያየርም፤ ዘንጎቹ ሲሠሩ ለየጎናቸው ጥምዘዛ ተዘጋጅተው ምልክት ተመትቶባቸዋል። ጎሚኒው ደርቆ ስለነበር አዲስ ገባለት።

አዛውንቱ ከዚህም ዝቅ እንዲል ፈልገው ነበር። የዚህ መኪና ኋላ ሲወርድ ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ ይጥላል፣ የውስጥ ጠርዙም ቶሎ ይበላል። ይህን ነግሬያቸው ቀኙን ከግራው ጋር አስተካክዬ አቆምኩ። ፊታቸው ብዙም አልፈታም። ሰልባትዮው ሞልቶ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ክብደት ተጭኖ፣ ወደፊትና ወደኋላ ተገፍቶ ሲለካ ሁለቱ ጎን እኩል መጣ። ሰኞ ካምበሩ (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) እና የጎማው አቅጣጫ ይታያል፤ ከፍታ ከተነካ በኋላ የድሮው ልኬት አይሠራም።