ዛሬ ገመድ ያዥ ነበርኩ

ዛሬ የቀድሞ ወታደሮች ለሕክምና ፈረስ በሚጋልቡበት ሜዳ በበጎ ፈቃድ ስሠራ ዋልኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ የፈረሱን ገመድ ይዞ መሄድ፣ አፍን መዝጋት። ሁለተኛው ይከብደኛል።

አንድ ጋሼ መጡ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ትከሻቸውን ሰቅለው። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ሸሸት አለ። ፈረስ በተፈጥሮው አውሬ አድኖ የሚበላው እንስሳ ስለሆነ ውጥረት ቶሎ ይገባዋል። "ደህና ነኝ" ብለህ አትሸውደውም። አሰልጣኟ "አይቸኩሉ፣ መጀመሪያ ትንፋሽዎን ይልቀቁ" አለቻቸው። ቆሙ። ተነፈሱ። ደግመው ተነፈሱ። ከዚያ ፈረሱ ራሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተጠጋቸው። እኔም እንባዬ መጣ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት።

ኮርቻው ላይ ትንሽ እንደቆዩ ትከሻቸው ወረደ። የፈረስ እርምጃ የጋላቢውን ዳሌ የሚያወዛውዘው ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚወዛወዘው ነው። እግሩ ለተጎዳ ሰው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የዴንማርኳ ሊዝ ሃርቴል ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ አድርጓት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ስፖርት የብር ሜዳሊያ ወስዳለች።

ጋሼ ሲወርዱ ለእኔ ምንም አላሉኝም። ለፈረሱ ግን ጆሮው ሥር ረጅም ነገር አንሾካሾኩለት።