ሁጎ ፕራትን ፊኛ በፊኛ ወደ አማርኛ ስመልስ የተማርኩት

ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን ባሕረኛ ገጸ ባሕርይ የፈጠረው ጣሊያናዊ የኮሚክ ደራሲና ሠዓሊ ሁጎ ፕራት ከልጅነቱ ስድስት ዓመት ያህል ያሳለፈው እኛው አገር ነው። በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሪሚኒ አጠገብ ተወለደ፤ ያደገው ቬኒስ ነው። በ1937 ቤተሰቡ ወራሪውን ጦር ተከትሎ ኢትዮጵያ ገባ፤ አባቱም ገና በልጅነቱ የቅኝ ግዛት ፖሊስ አደረገው። በ1941 ጣሊያን ተሸነፈች፤ ቤተሰቡ ድሬዳዋ ወደሚገኝ የእስረኞች ካምፕ ተወሰደ፤ አባትየው በ1942 በእስር ሳለ ሞተ፤ ልጁ በ1943 ወደ ጣሊያን ተመለሰ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደዚያው ምድር በብዕር ተመልሶ የሠራቸው አራት ታሪኮች «ሌ ኤትዮፒኬ» በሚል ርዕስ ተሰብስበዋል። እነዚህ ታሪኮች በአማርኛ አለመኖራቸው ስለሚቆጨኝ ለግል ጥናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረጎምኳቸው። የሥራዎቹን መብት የያዘው ኮንግ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ማሳተምም ሆነ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ አይቻልም። ከዚህ በታች ያለው የአሠራሩ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የደራሲውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቃላቱ ለምን ቁጥብ እንደሆኑ የሚገባው ከዚያ ነውና። ፕራት በ1949 ቦነስ አይረስ ሄዶ በኤክቶር ኤስተርሄልድ ድርሰት «ሳርጀንት ኪርክ»ን እና «ኤርኒ ፓይክ»ን ሣለ። ጠላትን እንደ ሰው አድርጎ መጻፍን የተማረው ከዚህ አርጀንቲናዊ ደራሲ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1962 ወደ ጣሊያን ተመለሰ፤ በ1967 ኮርቶ ማልቴዝ ጄኖቫ ይታተም በነበረ መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ ከ1970 ጀምሮ ደግሞ ታሪኮቹ ፒፍ በተባለው የፈረንሳይ የልጆች መጽሔት ቀጠሉ። የፒፍ ወሰን ለአንድ ታሪክ 20 ገጽ ነበር። ስለዚህ «ሌ ኤትዮፒኬ» አራት ጊዜ ሃያ፣ ሰማንያ ገጽ ነው፤ ከየመን ተነስቶ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ የነብር ሰዎች ዘንድ ያበቃል። በሃያ ገጽ ውስጥ ትርፍ ቃል የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ተርጓሚም ማብራሪያ ልጨምር ቢል ገጹን ያፍነዋል።

የእትም ምርጫ ብዙ ልፋት ያድናል። የፕራት ገጽ ብዙውን ጊዜ አራት ረድፍ ነው፤ የታሪኩ ትንፋሽም ያ ነው። በአነስተኛ ቅርጽ የወጡ እትሞች ግን ሣጥኖቹን (እያንዳንዱ ሥዕል ያለበትን ክፈፍ) እየቆረጡ በሌላ ረድፍ ይደረድሯቸዋል። በ2012 በእንግሊዝኛ የወጣው የመጀመሪያው ታላቅ ታሪኩ በዚህ ምክንያት ክፉኛ ተተችቷል። ሣጥን ሲቆረጥ የሚጠፋው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የፊኛው (የገጸ ባሕርዩ ንግግር የሚጻፍበት ሞላላ) ጭራ ወደ ማን እንደሚያመለክት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ፣ በመጀመሪያው የገጽ አቀማመጥ የታተመ መያዝ ይገባል። በእንግሊዝኛ ዲን ሙላኒና ሲሞኔ ካስታልዲ የተረጎሙትና በ12 መጽሐፍ የተሰበሰበው እትም ይህን ይጠብቃል። እኔ ለትርጉሙ ጣሊያንኛውን፣ ለማመሳከሪያ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የሠራሁት።

ጣሊያንኛው ለምን? እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድ ቃል ስለሚያጠቃልል ነው። አማርኛ ደግሞ ሳይመርጥ አንድ ግሥ እንኳ አይጨርስም። ራሴ የሠራሁት ምሳሌ ልስጥ፦ «ይህን መንገድ ታውቃለህ?» ለማለት ጣሊያንኛው «ኮኖሺ» ካለ አንተ ወይም አንቺ ነው፤ «ኮኖሼቴ» ካለ እርስዎ ወይም እናንተ ነው። ቀሪውን የሚፈታው ሥዕሉ ነው፤ ጭራው ከማን አፍ ይወጣል፣ ተናጋሪው ወዴት ዞሯል፣ ፊቱ የቆመው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ? በመጀመሪያው ረቂቄ ይህን ሳላደርግ ጽሑፉን ብቻ ከፋይል እየገለበጥኩ ተርጉሜ ስለነበር ሙሉ ታሪኩን እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። አሁን ለእያንዳንዱ ፊኛ አምስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ እይዛለሁ፦ ገጽ፣ ሣጥን፣ ተናጋሪ፣ ሰሚ፣ አክብሮት። አማርኛው የሚጻፈው አምስቱ ከተሞሉ በኋላ ነው።

የቦታ ስም ሌላው ወጥመድ ነው። በጣሊያንኛ አጻጻፍ «ኤስ፣ ሲ» ከ«አይ» ወይም ከ«ኢ» በፊት ሲመጡ «ሽ» ናቸው፤ «ዩ፣ ኦ» አብረው «ወ» ይሆናሉ፤ «ጂ፣ አይ» «ጅ» ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሸዋን «ስኪዮአ»፣ ወሎን «ኡኦሎ»፣ ጅማን «ጊማ» ብሎ ይጽፋል፤ የገዛ አገሩን ስም በባዕድ ጆሮ ሰምቶ መመለስ ማለት ነው። ስም ባጋጠመ ቁጥር መጀመሪያ ጮክ ብሎ በጣሊያንኛ ማንበብ፣ ከዚያ ካርታ ላይ መፈለግ ይበጃል።

በንግግሩ ረገድ ከሁሉም በላይ የተጨነቅኩት ለኩሽ ነው። ኩሽ የኮርቶ ባልንጀራ የሆነ ሙስሊም ተዋጊ ነው፤ ነጮቹን ፊት ለፊት የሚተች፣ በኮርቶም የሚሳለቅ። በድሮ ኮሚኮች አፍሪካዊ ገጸ ባሕርይ በተሰባበረ ቋንቋ ሲናገር ማየት የተለመደ ነበር፤ ፕራት ይህን አላደረገም፣ ተርጓሚም ሊያደርገው አይገባም። የኩሽ አማርኛ ሙሉ፣ የተቀመመና ኩሩ መሆን አለበት። መሐላው «ወላሂ» ነው፤ «እመብርሃንን» ማለት አይችልም። «በስመአብ» የምትል አንዲት ቃል ሳላስተውል ብትገባ ሰውየው ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናል። ከኮርቶ ጋር እኩያ ስለሆኑ ሁለቱም «አንተ» ይባባላሉ።

አሁን ወደ ፊኛው እንግባ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚህ ነው። ፊኛ ሞላላ ነው፤ መሐሉ ሰፊ፣ ላይና ታቹ ጠባብ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ረጅሙን ቃል፣ ግሡን፣ መጨረሻ ላይ ያመጣል። ስለዚህ ረጅሙ ቃል ጠባቡ ቦታ ላይ ይወድቃል። «ግመሎቹን ማታ ማታ ብቻ እናንቀሳቅሳቸዋለን» የሚለውን እንውሰድ። የመጨረሻው ቃል ብቻውን 11 ፊደል ነው፤ ታችኛው መስመር ላይ ሲቀመጥ የፊኛውን ጠርዝ ይነካል፣ እንዲገባ ፊደሉን ብናሳንስ ደግሞ ያ ፊኛ ብቻ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። መፍትሔው ቋንቋው ውስጥ አለ፦ «ግመሎቹን / የምናንቀሳቅሳቸው / ማታ ማታ / ነው»። ረጅሙ ቃል ወደ ሰፊው መስመር ወጣ፤ ታች የቀረው ሁለት ፊደል ነው። ሰውም ሲነጋገር እንዲህ ስለሚል የተፈጥሮ ድምፁ አይጠፋም። ሌላው ዘዴ ጥሪን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፤ «…ታውቀዋለህ፣ ወዳጄ?» እንደማለት። ከአምስት መስመር በላይ የሚጠይቅ ፊኛ ካለ ግን የሚቀየረው ትርጉሙ እንጂ የፊደሉ መጠን አይደለም።

የተራኪው ቃል ለሚጻፍባቸው ሣጥኖች ከብራና ጽሑፍ የተዋስኩት መላ አለ። ቃላትን በሁለት ነጥብ (፡) ስንለያይ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ የትም ቢሰበር አንባቢ አይደናገርም፤ የቃሉን ማብቂያ የሚነግረው ነጥቡ ነውና። በባዶ ቦታ ስንለያይ ግን የተሰበረው ቃል ሁለት ቃል ይመስላል። አራት ማዕዘን ሣጥን ውስጥ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት ሁለት ነጥብ በጣም ይረዳል፤ ለንግግር ፊኛ ግን ያረጀ መልክ ስለሚሰጥ አልተጠቀምኩበትም።

ስካኑ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በግራጫ ይሁን፤ ከዚያ ባነሰ የፕራት ደረቅ ብሩሽ መስመር ይበጣጠሳል። ፎንቱን በተመለከተ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተለያየ ውፍረት ስላለው ተመችቶኛል። መጠኑ 9፣ የመስመሩ ርቀት የፊደሉ 120 በመቶ፣ ከፊኛው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር። ከ8 በታች ሲወርድ «ጭ» እና «ቋ» ቀለም ይሞላሉ፤ «ብ» እና «ቦ»፣ «ሰ» እና «ስ» ይምታታሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ማጋደል ደግሞ ያበላሸዋል። ስለዚህ ለአጽንኦት ወፈር ያለውን፣ ለጩኸት መጠኑን አንድ አምስተኛ ያህል መጨመር ይበቃል። ስክሪን ላይ ብቻ አይቶ መወሰን አያዋጣም፤ በመጽሐፉ ልክ ወረቀት ላይ አትሞ ክንድ ያህል ርቆ ማንበብ ነው።

ድምፆች ላይ አማርኛ ሀብታም ነው፦ ለጥይት «ዷ»፣ ለሚዘጋ በር «ጓ»፣ ለሚወድቅ ነገር «ዱብ»፣ ለውሃ «ቿ»። ከሥዕሉ ጋር ተዋሕዶ በብሩሽ የተጻፈውን ትልቅ ድምፅ ግን አልነካሁም፤ እሱን ለመተካት ከሥሩ ያለውን ሥዕል መፋቅ ይጠይቃል። ቃል የሌላቸውን ሣጥኖችም እንዲሁ። አሸዋ ብቻ፣ ወፍ ብቻ፣ ፊት ብቻ የሚታይባቸው ተከታታይ ሣጥኖች የፕራት ምርጥ ጽሑፍ ናቸው።

ሰንጠረዡን ሳልጥል ያስቀመጥኩት ኩሽ ፕራት ከ1969 ጀምሮ በሠራው «የበረሃ ጊንጦች» ውስጥም ስለሚመጣ ነው። ያ ታሪክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ «ሌ ኤትዮፒኬ» ግን በ1918። ኩሽ ከሃያ ዓመት በላይ ጨምሯል፤ ስለዚህ ከእሱ በዕድሜ የሚያንሱ የአካባቢው ሰዎች ሲያናግሩት «አንተ» የሚለው አይሆንም። በአምስተኛው ዓምድ ከስሙ ትይዩ «እርስዎ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ «ወላሂ» ግን እንዳለ ነው።