ሞተሬ ተነሳች!

2 ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ የቆመችው አሮጌዋ ሞተር ሳይክሌ ዛሬ ተነሳች። ደስታዬን ለማን ልንገር?

ጠዋት ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁት። እሳት ይሰጣል። ስለዚህ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ዞርኩ። ስከፍተው ቤንዚኑ ቡናማ ሙጫ ሆኗል። ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚያጣብቀው ይቀራል። እሱ ነው ፀጉር የምታህለዋን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ የሚደፍናት። እባካችሁ ይህችን ቀዳዳ በሽቦ እንዳትጎረጉሯት። ቀዳዳዋ ያለችበት ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ከሰፋች የቤንዚንና የአየሩ ምጣኔ ይበላሻል። እኔ ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፌ አቆየኋት፣ ከዚያ በአየር ነፋኋት። ወደ ብርሃን አንስቼ ሳያት ወዲያ ማዶ ታየኝ። ያቺ የብርሃን ነጥብ እንዴት ታምራለች!

የተሰነጣጠቀውን የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማ ቀየርኩ፣ አዲስ ቤንዚን ሞላሁ። 7 ጊዜ ረገጥኳት፣ ዝም። በ8ኛው አስነጠሰች። በ9ኛው ድምጿ ግቢውን ሞላው። ልጄ «አባዬ፣ ሠራች?» እያለች በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። እጄ ቅባት በቅባት ቢሆንም አቀፍኳት።

ነገ ተረኛው የሳር ማጨጃው ነው። እሱም ቤንዚኑን በሆዱ እንደያዘ ነው የከረመው።